ከልጆች ጋር በቤት ውስጥ በዳንስ ሙዚቃ ስፖርት መሥራት፦ ምርጫው የልጆቹ፣ ቅደም ተከተሉ የወላጅ

ከልጆቻቸው ጋር በቤት ውስጥ በዳንስ ሙዚቃ ስፖርት ለመሥራት የሚነሡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጡት እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ሲከፈት ሁሉም ይዘልላል፤ በሁለተኛው ላይ የወላጁ ትንፋሽ ያጥራል፤ በሦስተኛው ላይ አንዱ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፣ ሌላው ዘፈኑ ይቀየርልኝ እያለ ያለቅሳል፣ ስልኩም መሀል ላይ ማስታወቂያ ያሰማል። እኔም የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቼን ይዤ ለሳምንታት በዚሁ መንገድ ከደከምኩ በኋላ የተረዳሁት፣ ችግሩ የልጆቹ ስንፍናም የእኔ አቅም ማነስም አለመሆኑን ነው። ዘፈኖቹን የደረደርኳቸው በምታቸው ፍጥነት ሳይሆን በምንወዳቸው ልክ ነበር፤ ስለዚህ በጣም የምንወደውና በጣም ፈጣኑ ዘፈን ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ይመጣ ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የ25 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለማዘጋጀትና ለማካሄድ የሚያስችሉ ናቸው። ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን ከአንድ ቀን በፊት፣ ልጆቹ በሌሉበት ሰዓት ይጨርሱ፤ የሚወዷቸውን ዘፈኖች ግን ቀድመው ይጠይቋቸው። ልጆች እየጠበቁ ዘፈን መፈለግ ከተጀመረ ክፍለ ጊዜው ሳይጀመር አብቅቷል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

የልብ ሕመም ወይም በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቅርቡ ከወለዱ፣ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ካለብዎት በመጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ልጅዎ አስም ካለበት በሐኪም የታዘዘለት መድኃኒት በእጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ ይሁን፤ ማሟሟቂያውንም አያሳጥሩበት። ከበድ ያለ ምግብ ከተበላ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጠብቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ መካከለኛና ከዚያ በላይ ጥንካሬ ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ለአዋቂዎች የሚመክረው መካከለኛ እንቅስቃሴ ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ነው። 25 ደቂቃው የልጁን የቀን ድርሻ ብቻውን አይሞላም፤ ስለዚህ በውጭ ጨዋታ ምትክ ሳይሆን በተጨማሪነት ይያዙት።

ደረጃ 1፦ ቦታውን ያዘጋጁ

1. ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ያስለቅቁ። መለኪያ ከሌለዎት ክንድዎን ግራና ቀኝ ዘርግተው ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ እርምጃ ይራመዱ፤ ጣትዎ ምንም ካልነካ ቦታው ይበቃል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ዕቃ ሲገፉ ከመዋል ወደ ጎን የሚሄዱትን እንቅስቃሴዎች ባሉበት ቆመው በሚሠሩት ይተኩ።

2. ትንንሽ ምንጣፎችን ያንሡ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶችን ከመሀል ያስወጡ፣ ሹል ማዕዘን ያላቸውን ጠረጴዛዎች ያርቁ። ትኩስ መጠጥ በክፍሉ ውስጥ አይኑር።

3. በካልሲ ብቻ አይሥሩ፤ ልጆችም እንዲሠሩ አይፍቀዱ። ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ የስፖርት ጫማ ይደረግ። እንጨት ወይም የተነጠፈ ለስላሳ ወለል ከሆነ ባዶ እግርም ይሆናል።

4. የእያንዳንዱን ልጅ መቆሚያ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱም ከፊትዎ እንጂ ከኋላዎ አይሁን። ይህን አጥብቄ የምናገረው ታናሹ ልጄ ከኋላዬ መቆሙን ሳላይ ወደ ኋላ ተራምጄ ስለጣልኩት ነው። አዋቂ ሰው በሙዚቃ ምት እየሄደ በድንገት ማቆም ያቅተዋልና የማያዩት ልጅ በእርምጃዎ ክልል ውስጥ መኖር የለበትም።

ደረጃ 2፦ የዘፈኖቹን ፍጥነት ይለኩ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ደረጃ ነው፤ የቀረው ሁሉ ግን የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የዘፈን ፍጥነት የሚለካው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባሉት ምቶች ብዛት ነው። ምት የሚባለው ሙዚቃ ሲሰሙ እግርዎ ሳያስቡት ወለሉን የሚመታበት ነጥብ ነው።

1. ዘፈኑን ይክፈቱ፤ ከበሮው በግልጽ እስኪገባ ይጠብቁ።

2. በእግርዎ ከምቱ ጋር ወለሉን እየመቱ ለ15 ሰከንድ ምቶቹን ይቁጠሩ፤ ያገኙትን በ4 ያባዙ። 30 ምት ከቆጠሩ የዘፈኑ ፍጥነት 120 ነው።

3. ዘፈኑ መሀል ላይ ሲደርስ እንደገና ይቁጠሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከአምስት በላይ ከተለያዩ ዘፈኑ መሀል ላይ የሚፈጥን ወይም የሚቀዘቅዝ ነውና ይተዉት።

4. ቁጥሩን ከዘፈኑ ስም አጠገብ ይጻፉ። በጣት እየነኩ ፍጥነት የሚለኩ የስልክ መተግበሪያዎችም አሉ፤ ሥራውን ያቀልላሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው በእጥፍ ወይም በግማሽ መቁጠር ነው፤ አንዱ ሰው 65 ያለውን ዘፈን ሌላው 130 ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ለመወሰን ተነሥተው ባሉበት ይራመዱ። እግርዎ ሳይንቀራፈፍም ሳይጣደፍም የሚወድቅበት ፍጥነት ለእርስዎ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። ሁለተኛው ምቱ በሦስት በሦስት የሚቆጠርን ዘፈን መምረጥ ነው። ባሉበት ሲራመዱ ጠንካራው ምት አንድ ጊዜ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ እግር ላይ የሚወድቅ ከሆነ ዘፈኑ በሦስት የሚሄድ ስለሆነ ከዚህ በታች በተገለጸው የስምንት ቆጠራ አይሠራም። ምንም ያህል ቢያምር ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ዓይነት በአብዛኛው ከ120 እስከ 130 ባለው ውስጥ ስለሚገኝና ምቱም ሳይዛነፍ ስለሚሄድ ለክፍለ ጊዜው መካከለኛ ክፍል አመቺ ነው። ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባለው ዓይነት ግን ብዙውን ጊዜ ከ160 እስከ 180 ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ምት ላይ ለመርገጥ መሞከር ቁርጭምጭሚት ሊያስወልም ይችላል። ልጆች ከለመኑዎት በግማሹ ፍጥነት ይራመዱበት።

ደረጃ 3፦ ዘፈኖቹን ያጣሩ

እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ትንሹም ጭምር፣ የሚወዳቸውን አራት አራት ዘፈኖች ያቅርብ። ለሕፃናት ተብለው የተሠሩ ዘፈኖችን ብቻ መጠቀም አልመክርም፤ አንዳንዶቹ መሀል ላይ ፍጥነታቸውን ይቀይራሉ፣ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው ልጅም አፍሮባቸው ክፍሉን ጥሎ ይወጣል። ከዚያ እርስዎ በሚከተለው መንገድ ያጣሩ።

1. እያንዳንዱን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሮ ማዳመጫ ያዳምጡ። ለልጅ ጆሮ የማይገባ ቃል ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሳይሆን በሁለተኛው ወይም በራፕ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። አንዳንድ የሙዚቃ መተግበሪያዎች እንዲህ ባሉ ዘፈኖች ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ምልክት አለመኖሩ ግን ዘፈኑ ንጹሕ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም። የተጣራ ቅጂ ካገኙም ያዳምጡት፤ ቃሉ ሲቆረጥ ምቱም አብሮ የተቆረጠ ከሆነ እርምጃ ያሳስታል።

2. መግቢያው ከ20 ሰከንድ በላይ ያለ ከበሮ የሚሄድን ዘፈን ያስወጡ፣ ወይም የሚጀምርበትን ሰከንድ ጽፈው ከዚያ ይክፈቱት። የአራት ዓመት ልጅ ከበሮ እስኪገባ ቆሞ አይጠብቅም።

3. ርዝመቱ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያለውን ይውሰዱ። ለዳንስ ቤት ተብለው የተራዘሙ ቅጂዎች ስድስትና ሰባት ደቂቃ ስለሚሄዱ ሁለት ሰው ያሰለቻሉ፤ አንደኛው እርስዎ ነዎት።

4. ዘፈኑ መሀል ላይ ከበሮው ጠፍቶ ዜማ ብቻ የሚቀርበት ቦታ ካለው አይጣሉት፤ ደቂቃውን ይጻፉ። በደረጃ 7 እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ መቆሚያ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ቅደም ተከተሉን ይሥሩ

ከቀሩት ውስጥ ከእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ መኖሩን እያረጋገጡ ሰባት ዘፈኖችን ይምረጡ። ልጆች የመረጡት ዘፈን እንደሚመጣ ካወቁ ተራውን ይጠብቃሉ፤ መቼ እንደሚመጣ መወሰን ግን ለእነርሱ አይተውም። ዘፈኖቹን በዚህ የፍጥነት መሰላል ይደርድሩ።

1ኛ ዘፈን፦ ከ100 እስከ 110፣ ለማሟሟቂያ።
2ኛ ዘፈን፦ ከ110 እስከ 118፣ ማሟሟቂያው ይቀጥላል።
3ኛ ዘፈን፦ ከ118 እስከ 125።
4ኛ ዘፈን፦ ከ125 እስከ 130።
5ኛ ዘፈን፦ ከ130 እስከ 138፤ ከፍተኛው ይህ ነው፣ የልጆቹም ዋና ተወዳጅ ዘፈን እዚህ ይግባ።
6ኛ ዘፈን፦ ከ112 እስከ 120፣ ወደ ታች መመለሻ።
7ኛ ዘፈን፦ ከ70 እስከ 90፣ ሰውነትን ማቀዝቀዣ።

ወደ ላይ ሲወጡ በሁለት ተከታታይ ዘፈኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 እንዳይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ከዚያ ሲበልጥ እግር የለመደውን ምት ትቶ አዲሱን እስኪይዝ ድረስ ሁሉም ይቆማል፤ የቆመ ልጅ ደግሞ ይቀመጣል። ተስማሚ ዘፈን አጥተው ክፍተት ከተፈጠረ የማጫወቻውን ፍጥነት በጥቂቱ የሚቀይር መተግበሪያ ይጠቀሙ፤ 114 የነበረው ዘፈን በ1.05 ፍጥነት ሲጫወት ወደ 120 ይጠጋል፣ ለጆሮም ብዙ አይታወቅም። 1.25 ላይ ካደረሱት ግን ድምፁ ይበላሻል።

ደረጃ 5፦ ስልኩንና ድምፁን ያስተካክሉ

1. ዘፈኖቹን አስቀድመው ወደ ስልኩ ያውርዱ፤ በሥልጠናው ሰዓት ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉ፤ ብሉቱዝ የሚጠቀሙ ከሆነ እርሱን ብቻ መልሰው ይክፈቱ። የስልክ ጥሪና ማስታወቂያ የሚያቋርጡት በዚህ መንገድ ይቀራሉ።

2. ሰባተኛው ካለቀ በኋላ መተግበሪያው በራሱ ሌላ ዘፈን እንዳይቀጥል ያጥፉት፤ በቅይጥ የሚያጫውተውንም ምልክት ያጥፉ። አንድ ቀን ይህን ረስቼ አምስተኛው ዘፈን መጀመሪያ መጣና ያ ሁሉ ዝግጅት በሦስት ደቂቃ ፈረሰ።

3. በዘፈኖች መካከል ያለው ጸጥታ ከሁለት ሰከንድ እንዳይበልጥ ያድርጉ።

4. ስፒከሩን ከልጆች ጆሮ ቢያንስ ሁለት ሜትር ያርቁ። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ድምፁ በዝቷል፤ ይቀንሱ። ከሥር ወይም ከጎን ሌላ ሰው የሚኖር ከሆነ ስፒከሩን ከወለል ላይ ያንሡ፣ ከሥሩም የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ፣ ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ይቀንሱ፤ ግድግዳ አልፎ የሚረብሸው በዋናነት ቤዙ ነው።

ደረጃ 6፦ አራት እንቅስቃሴዎችን ያለ ሙዚቃ ያስተምሩ

ከአራት በላይ አያስተምሩ። እያንዳንዱ በስምንት ቆጠራ የሚያልቅ ይሁን፤ አብዛኛው የዳንስ ሙዚቃ በስምንት ምት ስለሚከፈል አራት ስምንቶች ሲያልቁ ዘፈኑም አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል።

ሰልፍ፦ ባሉበት ስምንት እርምጃ ይራመዱ፤ ክንድ ከእግር ጋር ይወዛወዝ።

ጎን፦ በቀኝ እግር ወደ ቀኝ ይርገጡ፣ ግራውን ያስጠጉ፤ ከዚያ ወደ ግራ ይመለሱ። በስምንት ቆጠራ አራት ጊዜ ይሠራል።

ተረከዝ፦ አንዱን ተረከዝ ወደ ፊት ዘርግተው ወለሉን ይንኩ፣ ይመልሱ፣ በሌላው ይድገሙ። ክንዶች አብረው ወደ ፊት ይዘርጉ።

ጉልበት፦ አንዱን ጉልበት እስከ ወገብ ያንሡ፣ ይመልሱ፣ በሌላው ይድገሙ። ጉልበትዎን ያንሡ እንጂ ወገብዎን አያጉብጡ።

እነዚህን ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው እየቆጠሩ፣ ለአምስት ደቂቃ ያለማምዱ። ከዚያ ለልጆቹ አንድ ደንብ ብቻ ይንገሩ፦ በስንኙ ላይ ሰልፍ ወይም ጎን፣ በአዝማቹ ላይ ተረከዝ ወይም ጉልበት። አዝማቹ በተመለሰ ቁጥር እንቅስቃሴውም ይመለሳል፤ ስለዚህ ልጆች እርስዎን ከማየት ይልቅ ዘፈኑን መስማት ይለምዳሉ። በእኔ ቤት ለውጥ ያመጣው ይህ ደንብ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ታናሹ አዝማቹ ሊገባ ሲል ከእኔ ቀድሞ ጉልበቱን ማንሣት ጀመረ።

ደረጃ 7፦ ክፍለ ጊዜውን ያካሂዱ

1. በ1ኛውና በ2ኛው ዘፈን ሰልፍና ጎን ብቻ ይሥሩ፤ ትከሻን ማዞርና ክንድን ቀስ ብሎ ወደ ላይ መዘርጋት ይጨምሩ። ልጆች መዝለል ቢፈልጉም እዚህ አይፍቀዱ፤ «መዝለያው አምስተኛው ዘፈን ላይ ነው» ይበሏቸው።

2. ከ3ኛው ጀምሮ የአዝማቹን ደንብ ያስገቡ። እንቅስቃሴ ሲቀይሩ ስሙን በ5 እና በ6 ቆጠራ ላይ ይጥሩ። በ8 ላይ ከጠሩት ዘግይቷል፤ ልጁ ሰምቶ እስኪረዳ አዲሱ ስምንት ተጀምሯል።

3. 3ኛው ሲያልቅ ሁሉም በዝግታ እየተራመደ ጥቂት ውኃ ይጠጣ። ውኃ በአፉ ይዞ የሚዘልል ልጅ እንዳይኖር ይጠብቁ።

4. በ4ኛው ዘፈን ላይ ራስዎን ይፈትኑ። መናገር ችለው መዝፈን ካልቻሉ ጥንካሬው መካከለኛ ነው፤ የተፈለገውም ይህ ነው። አዝማቹን ሳይቆራረጥ ከዘፈኑት ክንድዎን ከፍ ያድርጉ፣ ጉልበትዎን ይጨምሩ። ሁለት ቃል ተናግረው ለመተንፈስ ከቆሙ ወደ ሰልፍ ይመለሱ፤ ልጆቹ ይቀጥሉ።

5. 5ኛው ላይ መዝለል የሚፈልግ ይዝለል፤ ሲያርፍ ጉልበቱን ትንሽ አጥፎ፣ በእግሩ የፊት ክፍል ወለሉን ይንካ። ጉልበት የሚያመው አዋቂ አንዱ እግሩ ሁልጊዜ ወለል ላይ ይሁን። ከበሮው የሚጠፋበት ቦታ ሲመጣ «ሐውልት!» ይበሉ፤ ሁሉም ባለበት ይድረቅ፣ ከበሮው ሲመለስ ይቀጥል። የዚህ ጥቅም ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ለእርስዎም ከ10 እስከ 15 ሰከንድ የሚሆን ትንፋሽ ይሰጣል።

6. 6ኛው ላይ ወደ ጎንና ወደ ሰልፍ ይመለሱ፤ እርምጃውን ያሳንሱ።

የደረት ሕመም፣ የማዞር ስሜት፣ የልብ ምት መዛባት ወይም በዕረፍት የማይመለስ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማዎት ወዲያውኑ ያቁሙና የሕክምና እርዳታ ይፈልጉ። ልጅ ሲተነፍስ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ካሰማ፣ ፊቱ ከገረጣ ወይም ራሴን አዞረኝ ካለ ያስቀምጡት፤ «ትንሽ ቀረ» ብለው አያበረታቱት።

ደረጃ 8፦ ሰውነትን ያቀዝቅዙ

በ7ኛው ዘፈን የመጀመሪያ አንድ ደቂቃ በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብለው ይራመዱ። ከዚያ የባትዎን፣ የጭንዎን የፊትና የኋላ ጡንቻ፣ ትከሻዎን እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያህል ዘርግተው ያፍታቱ፤ ሲያፍታቱ አያርገብግቡ፣ እስኪያም ድረስም አይጎትቱ። ልጆች ይህን ክፍል ይሰለቹታል። ዝም ብለው እንዲቆሙ ከማስገደድ ይልቅ መብራቱን ቀንሰው የመጨረሻውን ዘፈን መሬት ላይ ተጋድመው እንዲያዳምጡ ይጋብዟቸው፤ የትንፋሻቸው ፍጥነት ሲቀንስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ልባቸውን እንዲያዳምጡ ይንገሯቸው።

አንድ ነገር ሲበላሽ

አንዱ ልጅ አልሠራም ሲል፦ አያባብሉት፣ በግድም አያስነሡት። ስፒከሩ አጠገብ ተቀምጦ «ሐውልት» የሚለው እርሱ እንዲሆን ይሹሙት። ብዙውን ጊዜ የራሱ ዘፈን ሲመጣ ይነሣል። ካልተነሣም ቀሪው ሰው ይቀጥል፤ ለአንዱ ሲባል ከቆመ ነገ ሁለቱም እምቢ ይላሉ።

በዘፈን ሲጣሉ፦ ዝርዝሩን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችለው ልጅ ከዘፈኑ ጎን ሥዕል ይሣሉለት። ጠቡ ስለ ዘፈኑ ሳይሆን ተራው እንዳያልፈው ከመስጋት የመጣ ነው።

ከምቱ ሲወጡ፦ ለመያዝ አይሩጡ። ቆም ብለው ሁለት ምት በጭብጨባ ያጨብጭቡ፣ ከዚያ በሰልፍ ይግቡ። ልጅ ከምት ቢወጣ ግን አያርሙት፤ የአራት ዓመት ልጅ ምትን ሳይስት መከተል ገና እየተማረ ነውና መንቀሳቀሱ ይበቃል።

እግር ወለምታ ሲደርስ፦ ያቁሙ፣ እግሩን ከፍ አድርገው ያሳርፉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ እስከ 20 ደቂቃ ያድርጉበት። እግሩን መርገጥ ካቃተው ወይም ቅርጹ ከተለወጠ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

በማግስቱ ጡንቻ ሲያምም፦ ቀለል ያለ ሕመም የተለመደ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ 5ኛውን ዘፈን ትተው በስድስት ዘፈን ይሥሩ። የመገጣጠሚያ ሕመም ከሆነ ግን ዝላዩን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ።

ልጆች ከሥልጠናው በኋላ አልተኛ ሲሉ፦ ሰዓቱን ከመኝታ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያስቀድሙ፤ 7ኛውንም ዘፈን አይዝለሉት። በእኛ ቤት ማታ የሚሠራው ሁሉ እንቅልፍ ሲያባርር የነበረው ይህን ዘፈን ስንቆርጠው ነበር።

ዝርዝሩ ሲሰለች፦ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ አይቀይሩ። በሳምንት አንድ ዘፈን ብቻ ያስወጡ፤ በቦታው የሚገባው ከወጣው ዘፈን ጋር በፍጥነት ከአምስት ምት በላይ የማይለያይ ይሁን፤ የሚያስገባውም ባለፈው ሳምንት ዘፈኑ የወጣበት ሰው ይሁን።